ጓንትም በረኪናም አላቋረጥኩም፤ እናቴን ግን ኢንፌክሽኑ አልለቀቃትም

ጥያቄ፦ «እናቴ የ74 ዓመት ሴት ናት። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታት፤ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ከሆስፒታል የወጣችው የሽንት ቱቦ እንደተደረገላት ነው። ወገቧ ሥር ደግሞ የአልጋ ቁስል አላት። የማስታምማት እኔ ነኝ። ጠዋት ያጠለቅኩትን ጓንት ማታ ነው የማወልቀው። ክፍሏን በቀን ሦስት ጊዜ በበረኪና እወለውላለሁ። ቁስሉን በአልኮልና በፐርኦክሳይድ አጥባለሁ። ልጆቼን ወደ ክፍሏ አላስገባም። እንዲህም ሆኖ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የሽንት ኢንፌክሽን ይዟት ሆስፒታል ተመላልሰናል። ከትናንት ጀምሮ ሽንቷ ደፍርሷል፣ ይሸታል። ትኩሳት የላትም፣ በደንብ ትበላለች፣ ጨዋታዋም እንደ ወትሮው ነው። ካለፈው የተረፈ አንቲባዮቲክ አለኝ፤ ልጀምርላት? ከዚህ በላይስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ የተረፈውን አንቲባዮቲክ አይጀምሩላቸው። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አመጣዋለሁ። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ» ላሉት ደግሞ፣ አሁን ከሚሠሩት ግማሹን ቢተዉት ይሻላል። ልፋትዎ ቀላል አይደለም፤ አብዛኛው የሚያልቀው ግን ወለል ላይ ነው። ጀርሙ የሚገባው በሌላ በኩል ነው።

እናትዎ አሁን ሦስት ክፍት በሮች አሏቸው። አንዱ የሽንት ቱቦው ነው። ሁለተኛው ቁስሉ ነው። ሦስተኛው በጥያቄዎ ውስጥ ጭራሽ አልተነሳም፤ አፋቸው ነው። ወደነዚህ በሮች ጀርም የሚያደርሰው በአብዛኛው እጅ ነው፦ የእርስዎ እጅ፣ የራሳቸው የእናትዎ እጅ፣ የጠያቂ እጅ። ወለል ላይ ያለ ጀርም እግር የለውም። ተነስቶ አልጋ ላይ አይወጣም፤ የሚያነሳው ሰው ያስፈልገዋል።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም አንድ የማዋለጃ ክፍል ውስጥ እናቶች በወሊድ ትኩሳት እንደ ቅጠል ሲረግፉ አየ። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ይቆዩና ቀጥታ ወደ ምጥ ክፍል ይመጡ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ ሳይታጠቡ እንዳይገቡ አዘዘ። ትእዛዙ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ወር ከመቶ ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ቁጥሩ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ወለሉ ያው ወለል፣ አልጋውም ያው አልጋ ነበር። የተለወጠው እጁ ብቻ ነው። ባልደረቦቹ ግን ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። እጅህ ነው የሚገድለው መባልን ማን ይወዳል?

እንግዲህ በጓንቱ እንጀምር፤ ትልቁ ስህተት እሱ ላይ ነው። ጓንት የአንድ ሥራ ዕቃ ነው። ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ ወይም የቁስል ፈሳሽ ሊነኩ ሲሉ ያጠልቁታል። ሥራው ሲያልቅ ያወልቁታል፣ ይጥሉታል፣ እጅዎን ይታጠባሉ። አለቀ። ጠዋት ተጠልቆ ማታ የሚወልቅ ጓንት ከባዶ እጅ የባሰ ነው። ባዶ እጅ ሲቆሽሽ ይሰማዎታል፤ ይረጥባል፣ ያጣብቃል፣ መታጠብ ያሰኝዎታል። ጓንት ውስጥ ያለ እጅ ግን ምንም አይሰማውም። ዳይፐር ይቀይሩበታል፣ በዚያው ትራስ ያስተካክሉበታል፣ መብራት ያጠፉበታል፣ ስልክ ያነሱበታል፣ ከዚያ ቱቦውን ይይዙበታል። እርስዎ ተጠብቀዋል። እናትዎ ቱቦ ላይ የደረሰው ግን የሰገራ ጀርም ነው። የሽንት ኢንፌክሽን በማምጣት የታወቀው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ቤቱ አንጀት ውስጥ እንደሆነ ልብ ይበሉ።

ስልጠና ላይ የማሠራት አንዲት ነገር አለች። ሠልጣኙን ጓንት አስጠልቄ መዳፉ ላይ በውሃ የሚለቅ ቀለም እቀባለሁ። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ እንደ ልማዱ ይሠራል። ቀለሙ የበር እጀታ ላይ ይገኛል፣ የአልጋ ጠርዝ ላይ ይገኛል፣ ስልኩ ላይ ይገኛል፤ አፍንጫው ላይ ሳይገኝ የቀረበትን ቀን አላስታውስም። እርስዎም ቤትዎ ይሞክሩት። ከቀለሙ በኋላ ክርክር የለም።

ጓንትን በውሃ ወይም በአልኮል አጥቦ እንደገና መጠቀምም አይሠራም። ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ሲታጠብና ሲሻሽ ይብስበታል። ሲያወልቁትም እጅዎን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ አንጓው ላይ ከውጭ ቆንጥረው፣ ውስጡ ወደ ውጭ እንዲገለበጥ አድርገው ያውልቁት። ቀጥሎ ይታጠቡ። ቀኑን ሙሉ በላብ የራሰ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ ለጀርም ጥሩ ማረፊያ ነው።

መቼ ልታጠብ? የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ባለሙያዎች አምስት ጊዜያትን ለይቷል። ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፤ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመጀመር በፊት፤ የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፤ ሕመምተኛውን ነክተው ሲጨርሱ፤ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። አንድ አስታማሚ ብቻውን ሌት ተቀን በሚሠራበት ቤት ይህን ሁሉ መቁጠር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሁለቱን ግን አልደራደርባቸውም። ቱቦና ቁስል ከመንካትዎ በፊት፤ ሽንትና ሰገራ ከነኩ በኋላ። ብዙ ሰው «በኋላ» የሚለውን አይረሳም፣ ስለሚቀፈው። የሚረሳው «በፊት» የሚለውን ነው። እናትዎን የሚጠብቃቸው ደግሞ እሱ ነው።

አስተጣጠቡ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። ሳሙናው ማንኛውም ሳሙና ይሁን። ውሃው መሞቅ የለበትም፤ ትኩስ ውሃ ቆዳ ያደርቃል እንጂ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚዘለሉት ቦታዎች ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፦ አውራ ጣት፣ የጣት ጫፎች፣ የጣቶች መሃል። ጥፍር ይቆረጥ። ቀለበት እንክብካቤ ሲያደርጉ ይውለቅ። ከሁሉም በላይ ፎጣውን ይዩት። ቤተሰቡ ሁሉ በሚጠቀምበት እርጥብ ፎጣ የደረቀ እጅ መታጠቡን መልሶ ያጣዋል። ለእርስዎ ብቻ የሆነ፣ በየቀኑ የሚቀየር ትንሽ ፎጣ ይኑርዎት።

እጅዎ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለበት ሳኒታይዘር ይበቃል። አልኮሉ 60 ከመቶና ከዚያ በላይ ይሁን፤ እስኪደርቅ ድረስ፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሹት። አንድ ጊዜ ግን ሳኒታይዘር ብቻውን አይበቃም፦ እናትዎ ተቅማጥ ሲይዛቸው። አንቲባዮቲክ የወሰዱ አረጋውያንን የሚያጠቃው ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚባል ባክቴሪያ በአልኮል የማይሞት ጠንካራ ዘር አለው። ያኔ ሳሙናና ውሃ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ወደ ቱቦው። ቱቦ የሌለው ሰው ሲሸና ሽንቱ መንገዱን እየጠረገ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ሊወጣ የሞከረውን ባክቴሪያ ይዞት ይሄዳል። ቱቦ ሲገባ ይህ መከላከያ ይፈርሳል። ባክቴሪያው በቱቦው ውስጥም በውጭም እየተሳበ ይወጣል። ፕላስቲኩ ላይ ሙልጭልጭ የሚል ሽፋን ይሠራና እዚያ ውስጥ ይደበቃል፤ መድኃኒት እንደ ልብ አያገኘውም። ቱቦ በቆየ ቁጥር በየቀኑ ከመቶ ከ3 እስከ 7 በሚሆኑ ተጨማሪ ሰዎች ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። አንድ ወር ሲሞላ የሌለበት ሰው ማግኘት ይከብዳል። እናትዎ ቱቦ ከገባላቸው አራት ወር አልፏል። ስለዚህ ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ እንዳለ ሳይመረመርም መናገር ይቻላል።

ባክቴሪያ መኖሩና ኢንፌክሽን መሆኑ ግን ለየቅል ነው። ምልክት ሳያሳይ የተቀመጠ ባክቴሪያ እንደ እናትዎ ባሉ ሰዎች አይታከምም። ሽንት መደፍረስና መሽተት ብቻውንም የኢንፌክሽን ማስረጃ አይደለም። ውሃ ትንሽ ጠጥተው ሊሆን ይችላል። ቱቦው ውስጥ ዝቃጭ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ተጣጥፎ ወይም የሆድ ድርቀት ተጭኖት ሽንቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የሚሠሩት ይህን ነው፦ ቱቦውን ከጭናቸው እስከ ከረጢቱ ድረስ በዓይንዎ ይከተሉት፣ የታጠፈውን ያቃኑ፣ ሰገራ ከወጡ ስንት ቀናቸው እንደሆነ ያስቡ። ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት ፈሳሽ ካልገደበባቸው በቀን ውስጥ ቶሎ ቶሎ ያጠጧቸው። በስትሮኩ ምክንያት ሲውጡ የሚያስላቸው ከሆነ ግን የሚጠጡት እንዴት መሆን እንዳለበት መጀመሪያ ባለሙያ ይይላቸው።

የተረፈው አንቲባዮቲክስ? ያ መድኃኒት ለያኔው ባክቴሪያ የተመረጠ ነው። አሁን ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። መጠኑም ለሙሉ ሕክምና አይበቃም፤ የተረፈ ነውና። (በነገራችን ላይ፣ ለምን ተረፈ? ያለፈው ሕክምና ሳይጨረስ ቆሞ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት።) ያለምልክት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ይገድልና ቦታውን ለማይበገሩት ይለቅላቸዋል። ነገ የእውነት ኢንፌክሽን ሲመጣ የሚሠራው መድኃኒት ያጥራል። ከላይ ያልኩትን ተቅማጥም የሚጠራው ይኸው ነው። ጀምረው ከቆዩ በኋላ ሽንቱ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ቢደረግ ደግሞ ውጤቱ ይዘበራረቃል፤ ሐኪሙን ያሳስቱታል።

ምልክት ካለ ወሬው ይለወጣል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ ከእምብርት በታች ወይም ጎን ላይ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ድንገት የመጣ መደናገር ወይም ከልክ ያለፈ እንቅልፍ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው። እዚያም ሁለት ነገር ይጠይቁ። ናሙናው ከከረጢቱ እንዳይወሰድ፤ እዚያ የቆየ ሽንት የራሱን ጀርም ያፈራል። ቱቦው ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ መጀመሪያ ተቀይሮ፣ ናሙናው ከአዲሱ ቱቦ እንዲወሰድ። በአሮጌው ቱቦ የሚወሰድ ናሙና የሚያሳየው ቱቦው ላይ የሰፈረውን እንጂ ፊኛ ውስጥ ያለውን አይደለም።

የቱቦው የየዕለት እንክብካቤ ብዙ አይደለም፤ ግን ጥብቅ ነው። ቱቦውና ከረጢቱ የሚገናኙበት ቦታ አይከፈት። በተከፈተ ቁጥር ጀርም ይገባል። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛቸው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ። ሲያገላብጧቸው ከረጢቱን አንስተው አልጋው ላይ የማስቀመጥ ልማድ አለ፤ በዚያች ቅጽበት የቆየ ሽንት ወደ ፊኛ ተመልሶ ይፈሳል። መጀመሪያ ከረጢቱን ያጉድሉት፣ ከዚያ ያገላብጧቸው። ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላ ያፍስሱት። ሲያፈሱ የከረጢቱ መክፈቻ የሚቀበለውን ዕቃ ጫፍ አይንካ፤ ያ ዕቃም የእሳቸው ብቻ ይሁን። ቱቦው እንዳይጎተት ጭናቸው ላይ ይታሰር ወይም ይለጠፍ። ቱቦው የሚገባበትን አካባቢ በቀን አንድ ጊዜና ሰገራ በወጡ ቁጥር በሳሙናና በውሃ ያጥቡ፤ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ። አልኮል፣ በረኪና ወይም ሌላ ፀረ-ጀርም እዚያ አይድረስ። ወደ ቱቦው ውስጥም ነርስ ካላዘዘ በቀር ምንም ነገር አይጨመር።

ይህን ሁሉ በትክክል ቢያደርጉትም ቱቦው እስካለ ድረስ ኢንፌክሽን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ይህን የምለው ቢመጣ ራስዎን እንዳይወቅሱ ነው። ዋናው ምክሬም ከዚሁ የሚነሳ ነው፦ ቱቦው ይውጣ የሚለውን ጥያቄ ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ያድርጉት። «ይህ ቱቦ ለምን ገባ? ምክንያቱ አሁንም አለ?» ብለው ይጠይቁ። በስትሮክ የመጀመሪያ ቀናት የገባ ቱቦ፣ አስፈላጊነቱ ካበቃ በኋላ ማንም ሳያስታውሰው ቤት ድረስ ይከተላል። ስንቴ አይቻለሁ! ወጥቶ እናትዎ በራሳቸው መሽናት ከቻሉ፣ ሰዓት ጠብቆ ማስሸናትና ዳይፐር ከቱቦ እጅግ ያነሰ አደጋ አላቸው። ፊኛቸው ባዶ አልሆን ካለ ደግሞ በቀን የተወሰነ ጊዜ ገብቶ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ አለ፤ አሠራሩን ነርስ ያስተምርዎታል። እሱም ከቋሚው ይሻላል።

ቱቦው መቆየት ያለበት ጊዜም አለ። ሽንት ጨርሶ የማይወጣላቸው ከሆነና ሌላው መንገድ ካልተቻለ፤ ወይም የወገቡ ቁስል ጥልቅ ሆኖ ሽንት እያራሰው አልድን ካለ። ይህን ቁስሉን ያየ ባለሙያ ይወስን። እርስዎ ግን በምንም ምክንያት ቱቦውን ስበው አያውጡት። ጫፉ ላይ በውሃ የተነፋ ትንሽ ኳስ አለ፤ ሳይተነፍስ ቢጎተት የሽንት መንገዱን ይቀድደዋል።

ወደ ቁስሉ እንምጣ። ፐርኦክሳይድ ሲፈስበት አረፋ ያወጣል፣ ጀርሙን ሲያቃጥል ያዩ ይመስልዎታል። አዲስ የሚበቅለውን ሥጋም አብሮ እያቃጠለ ነው። አልኮልም እንደዚሁ። ሁለቱንም ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ። ቁስል የሚታጠበው በጨው ውሃ ወይም ለመጠጥ በሚሆን ንጹሕ ውሃ ነው። የጨው ውሃውን ቤት ማዘጋጀት ይቻላል፦ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተው አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥመው ያቀዝቅዙ፣ 24 ሰዓት ካለፈው ይድፉት። አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ይታጠቡ፣ ጓንት ያጥልቁ፣ አሮጌውን ፋሻ ያንሱ። ያንን ጓንት ከፋሻው ጋር ይጣሉት። እንደገና ይታጠቡ፣ አዲስ ጓንት ያጥልቁ፣ ቁስሉን አጥበው ይሸፍኑ። መሃል ላይ ያለችው መታጠብ ናት የምትዘለለው። በየቀኑ መክፈትም ግዴታ አይደለም፤ አንዳንድ መሸፈኛ ለብዙ ቀን እንዲቆይ የተሠራ ነው። ስንት ቀን እንደሚቆይ ነርሷን ይጠይቁ። ሰገራ ወይም ሽንት ከደረሰው ግን ወዲያው ይቀየራል።

ንጽሕና ብቻውን ግን ይህን ቁስል አያድነውም። ያቆሰለው ክብደት ነው። አጥንትና ፍራሽ መሃል የተጨመቀ ሥጋ ደም አጥቶ ነው የሞተው፤ ጀርሙ የመጣው ኋላ ነው። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ አቀማመጣቸው ይቀየር፤ ግፊት የሚቀንስ ፍራሽ ካለ እስከ አራት ሰዓት ሊራዘም ይችላል። ጎናቸው ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ዘንበል ብለው ይተኙ፤ ከጀርባቸው ትራስ ይደገፉ። ከባታቸው ሥር ትራስ ገብቶ ተረከዛቸው በአየር ላይ ይንሳፈፍ። ሲያነሷቸው አይጎትቷቸው፣ አንሶላ ይዘው በሁለት ሰው ያንሷቸው። ቀለበት መሳይ መቀመጫ አይጠቀሙ፤ ዙሪያውን ያለውን ደም ያግዳል። የተቆጣ ቆዳንም አይሹት።

ሌላ ቦታ አዲስ ቁስል ሊጀምር ሲል «ይቀላል» ተብሎ የሚጻፈው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱ። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የራሰ ሊጥ የመሰለ፣ ሲነካ የሚያማቸው፣ ከቀድሞው የጠቆረ ቦታ ካለ ያ ነው። ክብደታቸው ከዚያ ቦታ ወዲያው ይነሳ።

ሦስተኛው በር አፍ ነው አልኩ። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ይቸግረዋል። ምራቁና የምግብ ቅንጣቱ ወደ ሳንባ ያመልጣል። አፉ ካልተጸዳ አብሮ የሚሄደው ባክቴሪያ ብዙ ነው፤ የሳንባ ምች የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። እናትዎን ከሽንት ኢንፌክሽን ይልቅ የሚያሰጋቸው ይኼኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ጥርሳቸውን፣ ድዳቸውንና ምላሳቸውን ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ። ጥርስ ባይኖራቸውም ይጸዳል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ማታ ይውለቅና ይቦረሽ። ግራ ጎናቸው ስለማይታዘዝላቸው ምግብ በግራ ጉንጫቸው ውስጥ ተወሽቆ ሊቀር ይችላል፤ በበሉ ቁጥር እዚያ ይመልከቱ።

ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉ በኋላም ለ30 ደቂቃ እንደዚያው ይቆዩ። እዚህ ጋ አንድ ግጭት አለ። ተደግፎ መቀመጥ ሳንባን ይጠብቃል፣ የወገብን ቁስል ግን ይጫነዋል፤ ሰውነት ወደ ታች እየተንሸራተተ ቆዳውን ይልጠዋል። ስለዚህ ለምግብ ያስቀምጧቸው፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ ከዚያ የአልጋውን ራስጌ ወደ 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ያውርዱት። ቀኑን ሙሉ ተደግፈው አይዋሉ።

በረኪናው ይበቃል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚተነው ሽታ ከአልጋ የማይነሳ ሰው ሳንባ ያስቆጣል፣ የእርስዎንም። ለየቀኑ ጽዳት ውሃና ሳሙና በቂ ነው። ወለሉ በቀን አንዴ ይጽዳ። ይልቅ እጅ የሚበዛበት ቦታ ይወልወል፦ የአልጋ ጠርዝ፣ የጎን ጠረጴዛ፣ የበር እጀታ፣ የመብራት ማብሪያ፣ ስልክዎ። በረኪና የሚያስፈልገው ደም፣ ሰገራ ወይም ትውከት ሲፈስ ነው። መጀመሪያ ቆሻሻው ተጠርጎ በሳሙና ይታጠብ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ከዚያ 5 ከመቶ ከሆነ በረኪና 1 እጅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ 9 እጅ ቀላቅለው ለ10 ደቂቃ ያቆዩት። ለተራ ዕቃ ከሆነ 1 ለ49 ይበቃል። የተበጠበጠው ለነገ አይቆይም። ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቀል፤ መርዛም ጋዝ ይወጣል። ሽንት ያለበት ዕቃ ላይም ቀጥታ አይፍሰስ፤ በሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ያንኑ ጣጣ ያመጣል። መጀመሪያ ይድፉት፣ ያለቅልቁት። መስኮት ይከፈት።

የቆሸሸ አንሶላ አይራገፍ፣ ደረትዎ ላይ አይታቀፍ። ጠቅልለው ወደ ማጠቢያው ይውሰዱት። የሚቻል ከሆነ በ60 ዲግሪ ይታጠብ፤ በደንብ ይድረቅ።

የሙቀት መለኪያ ከሌለዎት ይኑርዎት። ደህና በሆኑበት ሰሞን ለጥቂት ቀን ለክተው የእናትዎን የተለመደ ሙቀት ይጻፉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ከባድ ኢንፌክሽን ይዞትም ላያተኩስ ይችላል። 38 እስኪደርስ አይጠብቁ፤ ከራሳቸው ልክ በ1.1 ዲግሪ ከጨመረ በቂ ምልክት ነው። ከ36 በታች መውረዱም እንደዚሁ ያሰጋል። ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ከተደናገሩ፣ እጅና እግራቸው ከቀዘቀዘ እንደ ድንገተኛ ይቁጠሩት፤ ሌሊትም ቢሆን አይደር። ቱቦው ለጥቂት ሰዓታት ምንም ሽንት ካላወረደና ሆዳቸው ከተወጠረ፣ ወይም ቁስሉ መግል ይዞ ዙሪያው እየጋለ ከሰፋ በዚያው ቀን ይታዩ።

ልጆቹን በተመለከተ፦ ይግቡ። አያታቸውን የሚያሰጋቸው ጤነኛ ልጅ አይደለም፤ ያልታጠበ እጅና ጉንፋን ነው። በሩ አጠገብ ሳኒታይዘር ያስቀምጡና ሲገቡም ሲወጡም ይሹ። ቱቦውንና ፋሻውን እንዳይነኩ ይንገሯቸው። የሚያስለው ወይም ተቅማጥ የያዘው ልጅ ብቻ እስኪሻለው በር ላይ ቆሞ ሰላም ይበላቸው።